ከስፌት ቤቱ እስከ ፌርማታው

እትዬ መቀስ ይህን ስም ያገኙት በሙያቸው ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊ መሆናቸውስ እውነት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት የሰፈሩን ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ የሰፈሩን ቀሚስ ሲያሰፉ ኖረዋል። ስሙን ያጸደቀላቸው ግን አፋቸው ነው። ወሬ ሲረዝም አይወዱም፤ እንደ ጨርቅ ለክተው ይቆርጡታል። ደንበኛ "ትንሽ ወፈር ብያለሁ መሰለኝ" ቢላቸው "ትንሽ? እስቲ ጨርቁን ጠይቀው" ይሉታል። ተቀይሞ የወጣ ደንበኛም ሱሪው በተተረተረ ማግስት ተመልሶ ይመጣል። የት አባቱ ይሄዳል? እጃቸውን የሚያህል እጅ በሰፈሩ የለም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ስፌት ቤቱ ትምህርት ቤት ይሆናል። የስፌት መኪናዎቹ ሽፋናቸውን ይለብሳሉ፤ አራት ሰው ቢተኛበት የማይጠበው የመቁረጫ ጠረጴዛ ከጠመኔውና ከክር ቁርጥራጩ ይጸዳል፤ ግድግዳውን ተደግፈው የዋሉት አግዳሚ ወንበሮች ይወርዳሉ። ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። እትዬ መቀስ የሟች እህታቸውን ልጅ ሲያሳድጉ፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራበት ቦታ ስለጠፋ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ለቀቁላት። እሷ ጓደኛዋን አመጣች፤ ጓደኛዋ ወንድሟን አመጣች፤ ወንድሟ ሰፈሩን አመጣ። ዛሬ ልጆቹ አርባ ሦስት ደርሰዋል። ያቺ የእህት ልጅም ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መምህር ሆናለች፤ ቀን ቀን በአክስቷ ቤት ቁልፍና ዚፕ ስትተክል ትውልና ከአሥር ሰዓት በኋላ ልጆቹን ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ያለ ደመወዝ።

ቤቱ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው። ያወጡትም እትዬ መቀስ ናቸው፦ የጨረሰ ይውጣ፣ የወጣ ደግሞ የተማረውን ከመምሸቱ በፊት ለአንድ ትልቅ ሰው ያስረዳ። የቤት ሥራውን ጨርሶ ያሳረመ ልጅ ወንበር ይዞ አይቀመጥም፤ ቦታ የለማ። የሕጉ የመጀመሪያ ግማሽ እንደ ሰዓት ይሠራል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ሕጉን ያወጡት ራሳቸውም አያምኑትም።

"ከበሩ ሲወጡ የሚያስረዱት ኳስ ነው" ይላሉ።

በዚህ መሐል ከሩቅ ከተማ አንድ ደብዳቤ መጣ። ለእህታቸው ልጅ ነበር። ትልቅ ትምህርት ቤት፣ ጥሩ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤት ጭምር፤ መልሷን እስከሚቀጥለው ወር የመጨረሻ ዓርብ ድረስ እንጠብቃለን ይላል። እትዬ መቀስ ወረቀቱን ካውያው አጠገብ አግኝተው አነበቡት። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ልጅቷን ጠርተው "መልካም ነው፤ ሂጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ" አሏት፤ ያን ቀንም የአንድ ሰውዬን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው በአራት ጣት አሳጥረው ሰፉት። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ። ቅሪልኝ ማለት ፈልገው ነበር። ግን በምን አፋቸው ይበሉ? የተማረችን ልጅ ያለ ደመወዝ ጎኔ ተቀመጪ ማለት ነውር ነው። ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታው ግን ሆዳቸው ውስጥ ነቀዘ።

ተስፋ የነበራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየሰፈሩ ለሚያስተምሩ ሰዎች መንግሥት ድጋፍ ይሰጣል የሚለውን ወሬ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ አምጥቶ ነበር። ድጋፉ ከተፈቀደ የመምህር ደመወዝ አለበት። የመምህር ደመወዝ ካለ ደግሞ "ቅሪ" ማለት ነውር መሆኑ ይቀራል።

ፎርሙን የሞላው ያው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነው፤ የሚያሳየው ሰው አጥቶ እንጂ። ሦስት ገጽ ያለ ችግር ሄደ። አራተኛው ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ 'በፕሮግራሙ የሚማሩ ጎልማሶች ብዛት' ይላል። ስንት ልበል?"

"ጎልማሳ የት አለን? አንተን ነው የማስተምረው? ሰርዘው።"

በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረበት።

ከወር በኋላ፣ ተቆጣጣሪ ረቡዕ በአሥር ሰዓት ተኩል ትመጣለች የሚል ወረቀት ደረሳቸው። ልጅቷ መልስ የምትሰጥበት ዓርብ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ ዝም አላለም። ፀጉር አስተካካዩ ማክሰኞ ዕለት የወንዶቹን ልጆች ጭንቅላት በነጻ ላጨ፤ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መሰሉ። እትዬ መቀስም ልጆቹን ሰብስበው አጭር ንግግር አደረጉ።

"ነገ እንግዳ ትመጣለች። ጎበዝ ሁኑ። እንዳታሳፍሩኝ።"

ጥፋቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በሌላ ቤት "ጎበዝ ሁኑ" ማለት አርፋችሁ ተቀመጡ ማለት ሊሆን ይችላል። በእትዬ መቀስ ቤት ግን ጎበዝ ማለት ቶሎ ጨርሶ የሚወጣ ነው፤ ልጆቹ ሌላ ትርጉም አያውቁም። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ግማሹን የቤት ሥራ በትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ሠርተው መጡ። የቀረውን ጠረጴዛው ላይ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከወትሮው በተለየ ጸጥታ ጨረሱት። ትልልቆቹ ለትንንሾቹ አረሙላቸው። መምህሯ ሰዓቱ አልፎ እንግዳዋ ስትዘገይባት መንገዱ ጠፍቷት ይሆናል ብላ ፌርማታው ድረስ ወጥታ ነበር። እትዬ መቀስ ደግሞ ጓዳ ገብተው የክት ቀሚሳቸውን እየለበሱ ነበር፤ ዚፑ መሐል ላይ ያዘባቸው። የሰው ዚፕ ሲያበጁ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት በራሳቸው ዚፕ ሩብ ሰዓት ታገሉ። ያ ሁሉ ጸጥታ ሲሰማቸው "ዛሬስ አኮሩኝ" እያሉ ነበር።

መጋረጃውን ገልጠው ሲወጡ ወንበሮቹ በሥርዓት ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጠረጴዛው ተወልውሏል። ሰው የለም።

ወዲያው በሩ ተከፈተና የእህታቸው ልጅ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ገባች። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው ሴትየዋ የዘገየችው። ቀጠን ያለች፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ትልቅ ቦርሳ የያዘች፣ ቃሏን የምትቆጥብ ሴት ናት። ክፍሉን ዞር ብላ አየችው።

"ልጆቹ የት አሉ?"

"ጨርሰው ወጡ" አሉ እትዬ መቀስ።

"ምኑን ጨርሰው?"

"የቤት ሥራቸውን።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ጎበዝ ሁኑ ብያቸው ነበር።"

የእህታቸው ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አድርጋ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች።

"'በጉብኝቱ ሰዓት የታዩ ተማሪዎች ብዛት' ይላል። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።"

"ልጥራቸው? አንድ ጊዜ ብጮህ ይመጣሉ።"

"ለማሳየት የተጠራ አይቆጠርም። መመሪያው ነው።"

ይህ ነው ልባቸውን የሰበረው። ሴትየዋ ክፉ ብትሆን ኖሮ በምላሳቸው ይቆራርጧት ነበር። ግን ሕግ አክባሪ ነች፤ ሕግ አክባሪ ሰውን ደግሞ እትዬ መቀስ ያከብራሉ። በሐሳባቸው ዓርብ መጣች፣ ልጅቷ ሻንጣዋን ያዘች፣ ጠረጴዛው ባዶውን ቀረ፤ ሁሉም ነገር በዓይናቸው ሄደ።

ተቆጣጣሪዋም ቁጥሩን ለመጻፍ አልቸኮለችም። "የሥራ ሰዓቴ እስከ አሥራ ሁለት ነው" አለች። "እስከዚያ ያየሁትን እጽፋለሁ። አሁን የማየው ግን ጠረጴዛ ነው። ተመላሹን አውቶቡስ በየት በኩል ነው የምይዘው?"

"ከታች ነው፤ እንሸኝዎታለን" አሉ እትዬ መቀስ። ሰው ቢያሳዝንም እንግዳ ይሸኛል።

ሦስቱ ወጡ። የመጀመሪያው ደጃፍ የፀጉር አስተካካዩ ነው። ውስጥ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ ይዞ ቆሟል። መስታወቱ ሥር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የፂም ብሩሹን በአንድ እጇ፣ ብርቱካን በሌላው ይዛ ትናገራለች።

"ስለዚህ ጨረቃ አልተቆረሰችም። ያው ክብ ናት። ፀሐይ ያበራችውን ጎን ብቻ ነው የምናየው።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "የራሷ ብርሃን የላትም ነው የምትዪኝ?"

"የላትም።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት በሰው ብርሃን ነው እንዲህ የምትኮራብን?"

"ጌታዬ፣ ፂሜ ደረቀ" አለ ደንበኛው። "ግን ትጨርስ፤ እኔም አላውቀውም ነበር።"

ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆመች። "አንቺ ልጅ፣ የማን ተማሪ ነሽ?"

"የእትዬ። ጨርሼ ወጥቼ እያስረዳሁ ነው።"

"ማን አስረጂ አለሽ?"

"ሕግ ነዋ" አለች ልጅቷ፤ ጥያቄው ራሱ ገረማት።

እትዬ መቀስ ፀጉር አስተካካዩን አዩት። "ይሄ ነገር ዛሬ ብቻ ነው?"

"ኧረ በየቀኑ ነው። ትናንት ኩላሊት ነበር። እርስዎ የሚልኩብኝ መስሎኝ ነበር እኮ፤ ከእርስዎ ምላስ አላመልጥም ብዬ ነው ዝም ያልኩት እንጂ ሥራ ያስፈታሉ።"

ተቆጣጣሪዋ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩንና ባለ አረፋውን ሰውዬ ተራ በተራ አይታ፣ ወረቀቱን ገልብጣ ሌላ ነገር ጻፈች።

ጋራዡ ጋ ሲደርሱ ከአንዲት አሮጌ መኪና ሥር ሁለት እግር ወጥቶ ይታያል። እግሮቹ አጠገብ ሁለት ልጆች ቁጢጥ ብለው ደብተር ዘርግተዋል።

"ከሦስት ስምንተኛና ከአንድ ሁለተኛ የቱ ይበልጣል?" አለ አንደኛው ለእግሮቹ።

"አንድ ሁለተኛ" አለ ከሥር የመካኒኩ ድምፅ። "መፍቻው ላይ ተጽፎ የለ? ግማሹ ትልቁን ብሎን ነው የሚፈታው።"

"እሺ፣ ለምን?"

ከመኪናው ሥር አንድ ብሎን መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

"ሃያ ዓመት በእጄ ይዤው ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም" አለ መካኒኩ። "እስቲ በሉ ንገሩኝ።"

እትዬ መቀስ ግድግዳውን ተደገፉ። እነዚህን ልጆች በየቀኑ ከበራቸው ሲሸኟቸው የሚያስቡት ስለ ወንበሩ ነበር፤ ለሌላው ይለቀቅ፣ ይጥበብ፣ ይስፋ ሲሉ ነው የኖሩት። ከበሩ ወዲያ ይህን የሚያህል ነገር አለ ብሎ የነገራቸው የለም። ሰፈሩ እሳቸው የሚያውቁ መስሎት ዝም ብሏል፤ እሳቸው ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከቤታቸው ወጥተው አያውቁም። ደስታው ሲመጣባቸው መጀመሪያ የተሰማቸው ንዴት ነው፦ ይህን ሁሉ ዓመት ሳላየው? ከዚያ ንዴቱ ሄዶ ደስታው ብቻውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ አላስኬድ አላቸው። ሸቀጥ ሻጯ ሚዛኗ ላይ ስኳር ጭና፣ አንድ ልጅ ኪሎው ስንት ግራም እንደሆነ ሲነግራት "እኔን ነው የምታስተምረኝ?" እያለች ትሰማዋለች። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ እናት፣ ታች ደረጃው ላይ ለተቀመጠችው ልጇ የሰባትን ማባዣ እየጮኸች ትመልሳለች፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ተሳስታ ልጅቷ "እንደገና" አለቻት፤ እናትየው እንደገና ጀመረች። ጫማ ጠጋኙ አፉን በምስማር ሞልቶ ስለ ዝናብ አፈጣጠር በጭንቅላቱ እሺ፣ እሺ ይላል። ሁለት ሽማግሌዎች አንዲትን ልጅ መሐል አስገብተው ይከራከራሉ፤ ልጅቷ የነገረቻቸውን አህጉር አንደኛው በወጣትነቴ ሌላ ቦታ ነበር ባይ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። አየችው።

"ሌላ ይመጣል" አለችና መንገዱን ተሻግራ በወዲያኛው በኩል መመለስ ጀመረች።

የእህታቸው ልጅ አክስቷን በክንዷ ጎሸም አደረገቻቸው። እትዬ መቀስ "ዝም በይ፤ አትቁጠሪ፤ ይጠፋባታል" አሏት። ሁለተኛውም አውቶቡስ አለፈ። ሦስተኛው ሲቃረብ ተቆጣጣሪዋ ፌርማታው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ደመረች።

"ልጆች ሠላሳ ዘጠኝ" አለች። "ማመልከቻው አርባ ሦስት ይላል። አራቱስ?"

"እነሱ ኳስ እያስረዱ ነው" አሉ እትዬ መቀስ።

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከዚያ አራተኛውን ገጽ ገልጣ በማስመሪያ የተሰረዘውን ቦታ በጣቷ ነካችው።

"ይህን ለምን ሰረዛችሁት?"

"ጎልማሳ ስለማናስተምር።"

"ሃምሳ አራት ጎልማሳ አይቻለሁ። ከአንዱ ያየሁት እግሩን ብቻ ነው፤ ግን ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁና ቆጥሬዋለሁ። ልጅም ጎልማሳም የሚማርበት ፕሮግራም ድጋፉ ለሁለት መምህር ነው። እዚህ ጋ ማስተካከያ ብለው ይፈርሙልኝ።"

እትዬ መቀስ ፈረሙ።

"ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ይፈጃል" አለች ተቆጣጣሪዋ እየተነሣች። "ግን እንዳትጨነቁ። የጉብኝቱን ውጤት የሚወስነው የጎበኘው ሰው ነው፤ የጎበኘሁት እኔ ነኝ፤ ፈርሜያለሁ።" አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ዞር አለች። "የጨረቃውን ነገር እኔም ዛሬ ነው የገባኝ። ራሴን ግን አልቆጠርኩም። መመሪያው አይፈቅድም።"

አውቶቡሱ ሄደ። አክስትና ልጅ ሽቅብ ወደ ስፌት ቤቱ መንገድ ጀመሩ። ለእትዬ መቀስ አሁን ነውር የለም፤ አሁን ደመወዝ አለ፤ አሁን እንደ ሰው አፍ አውጥቶ መናገር ይቻላል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ነገ ጠዋት ለእነዚያ ሰዎች ጻፊላቸው። አልመጣም በያቸው።"

"ጽፌላቸዋለሁ" አለች ልጅቷ።

"መቼ?"

"ሰኞ።"

እትዬ መቀስ ቆሙ። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ።

"ሰኞ እኮ ይህች ሴትዮ አልመጣችም።"

"አልመጣችም።"

"ዛሬ ዜሮ ብላ ጽፋ ብትሄድስ ኖሮ?"

"ነገ አሥር ሰዓት ላይ ወንበር አወርድ ነበራ።"

የሰፈሩን ሰው ሁሉ በምላሳቸው ሲቆርጡ የኖሩት ሴት እንባቸው መጣ፤ አላበሱትም። አጠገባቸው የጋራዡ ልጆች ለመካኒኩ መፍቻውን ከደብተራቸው ጋር እያስተያዩ ያሳዩታል፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ በመጨረሻ።

"አንቺ ሂጂ አልሽኝ። ቅሪ እንድትዪኝ ስጠብቅ ነበር" አለች ልጅቷ። ሳቅ እያለች ነበር የጀመረችው፤ መሐል ላይ ሳቁ ተሰበረባት። "እንደማትዪኝ ሳውቅ ራሴ ቀረሁ።"

እትዬ መቀስ የልጅቷን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ያኔ የጠረጴዛውን ጫፍ ሲለቁላት ይይዟት እንደነበረው። ነገሩ አልቋል፤ ደብዳቤው ሄዷል፤ ፊርማው ተፈርሟል፤ አሁን ቢሉት የሚጨምረው፣ ባይሉት የሚቀንሰው ነገር የለም። ቢሆንም አሉት።

"ቅሪ።"

"እሺ" አለች ልጅቷ።